ማደንዘዣው የደበቀው ጠባሳ

ሰብሲዥን የሚባለውን የጠባሳ ሕክምና ብቻዬን መሥራት በጀመርኩበት ሰሞን ነው። የታካሚዋ ሁለቱም ጉንጮች በብጉር ጠባሳ ተሰርጉደዋል፤ አብዛኛው ሰፋ ያለና ጠርዙ የማይለይ ነው። እንዲህ ያለውን ጠባሳ ወደ ታች የሚጎትቱት ከቆዳው ሥር ያሉ ጠንካራ ክሮች ናቸው። ክሩ ካልተበጠሰ ላዩን ቢቀቡትም ቢልጡትም አይነሳም። ሰብሲዥን መርፌ በጎን አስገብቶ ክሩን መበጠስ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው።

አስተኛኋትና ፊቷን አጽድቼ ማደንዘዣ ወጋኋት። ማደንዘዣው ሊዶኬይን የደም ሥርን ከሚያጠበው አድሬናሊን ጋር ስለሆነ ቆዳው ነጣ እስኪል ጠበቅሁ። መርፌውን ይዤ ሳጎነብስ ጉንጯ እንደተነፋ ፊኛ ልሙጥ ብሏል። ቅድም ያየኋቸው ጉድጓዶች የሉም!

«ዶክተር፣ ምልክቱስ?» አለች ሲስተር ቀስ ብላ።

ከመውጋቴ በፊት ጠባሳዎቹ ላይ በእስክርቢቶ ምልክት አላደረግሁም። ፈሳሹ ቆዳውን እንደሚነፋው መቼ ጠፋኝ? ግን እስክርቢቶው ኪሴ ውስጥ ነበር። በግምት ልጀምር የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብኝ ነበር፤ አልዋሽም። መርፌው ስለታም ነው፤ በመንጋጋው ጠርዝ ደግሞ የታችኛውን ከንፈር የሚያንቀሳቅስ ነርቭ ያልፋል። ተውኩት። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነግሬ ሌላ ቀን እንድትመጣ ለመንኳት። መስተዋት አንስታ ጉንጯን ካየች በኋላ፣ «እንዲህ የሚያደርገኝ ከሆነማ በየቀኑ ይውጉኝ» አለችኝ። መሳቅም ማፈርም ያዘኝ።

በሌላው ቀጠሮ ቁጭ እንዳለች የጣራውን መብራት አጥፍቼ አንድ መብራት ከጎን አበራሁ። እያንዳንዱ ስርጉድ ጥላ ጣለ፤ ተኝታ ያላየኋቸው ሁሉ ወጡ። እየከበብኩ ቆዳዋን በጣቴ ወጠር ሳደርግ ሰፋፊዎቹ ጠፉ፤ አራቱ ግን በመርፌ እንደተበሱ ቀዳዳዎች ጠባብና ጥልቅ ሆነው ቀሩ። ለእነሱ ሰብሲዥን ብዙም አይረዳም። ቲሲኤ በተባለ ቆዳ የሚልጥ አሲድ ጠብታ ታችኛውን ጫፋቸውን መንካት ይሻላል፤ እሱም ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ጥቁረት ሊተው ስለሚችል በጥንቃቄ ነው። ያን ዕለት ሳላያቸው በመርፌ ልሄድባቸው ነበር እኮ!

ከዚያ ማደንዘዣው፣ ከዚያ መርፌው። ክሮቹ ሲበጠሱ ጠቅ፣ ጠቅ ይላሉ፤ እጅም ይሰማዋል። ፊቷ እንደሚበልዝና ከአንድ ጊዜ በላይ መመላለሷ እንደማይቀር አስቀድሜ ነግሬያት ነበር።

ሲስተር ከዚያ ወዲህ እስክርቢቶውን ከማደንዘዣው ሲሪንጅ ጋር በፕላስተር እያሰረች ታቀርብልኛለች። እስክርቢቶውን ሳልፈታ ሲሪንጁን ማንሳት አልችልም።