«ምንም አልሆነም እኮ»

ወሎ ውስጥ፣ ደሴ አቅራቢያ ባለችው ሐይቅ ከተማ እንግዳ የሚቀበል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የበጋው ጉብኝትና የክረምቱ አንድ አይደለም። በጋ ላይ ማለዳ ጀልባ ይዘህ፣ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የመጡትን ወፎች አሳይተህ፣ ከዚያ እንግዳህን በእግር ወደ ጎረቤቱ ሐይቅ፣ ወደ ሐርዲቦ ትወስዳለህ። ክረምት ሲገባ ግን የሐርዲቦ መንገድ ዋልካ ነው፣ ጫማ ያስቀራል። ጀልባም ካማረህ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡና ነፋሱ ተያይዘው ይመጣሉ፤ ያኔ የሚያዋጣው ዳር ተቀምጦ ትኩስ ዓሣ ጥብስ እየበሉ ሐይቁን ማየት ነው። እሱም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም፤ አምባሰል በጉም ተሸፍኖ ሲገለጥ ያየ ይመሰክራል።

ሐምሌ ላይ ወደ ላሊበላ የሚያልፉ እንግዶች ከአዲስ አበባ ተላኩልን። የላካቸውን ድርጅት ስም አልጠራም። ፕሮግራሙ ጠዋት ሐርዲቦ፣ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ጀልባ ይላል፤ ቀጥሎም «ሁሉም እንግዶች ሐይቅ እስጢፋኖስን ከውስጥ ይጎበኛሉ»። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ይህ ገዳም የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አትገባበትም። ከእንግዶቹ ደግሞ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። ደውዬ «ጀልባውን ጠዋት እናድርገው፣ ለሴቶቹም ስለ ገዳሙ አስቀድማችሁ ንገሯቸው» አልኩ። «ደንበኛ የከፈለበት ፕሮግራም አይነካም» ተባልኩ።

ባለጀልባው ከማለዳ ጀምሮ ጠበቀን። ከደሴ የመጡ ወጣቶች ጠይቀውት «ተይዣለሁ» ብሎ መልሷቸዋል። እኛ ከሐርዲቦ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ሆነን ስንደርስ 9 ሰዓት አልፏል። በአምባሰል በኩል ያለው ደመና ጠቁሮ ወደ ታች ወርዷል። ባለጀልባው ገመዱን እንደታሰረ ትቶ ቆሟል።

ከአዲስ አበባ አብሮ የመጣው አስተባባሪ ቀረበና፣ «አባት፣ ቶሎ እንሳፈር፤ ሃያ ደቂቃ ነው እኮ» አለ።

«ዛሬ አልቀዝፍም፣ ልጄ።»

«ዝናቡ እኮ ገና አልመጣም።»

«መሀል ስንደርስ ቢመጣስ?»

«ላይመጣም ይችላል።»

«ላይመጣ ይችላል፤ ልክ ነህ። ግን እኔ በ"ይችላል" የሰው ልጅ አልጭንም።»

አስተባባሪው ወደ እኔ ዞረ፤ እንዳግባባለት ነው። እኔ የማየው ጀልባው ወለል ላይ የተቀመጡትን የሕይወት አድን ጃኬቶች ነበር። ለሰዉ አይበቁም፣ የአንደኛው ማሰሪያም ተበጥሷል። ይህ ሐይቅ ከዳር ሲያዩት የዋህ ይመስላል እንጂ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። «አያ ያለው ነው የሚሆነው» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ «ባለጀልባው ፈቃደኛ ስላልሆነ» ብሎ ነገራቸው። ሰውየው ቋንቋውን ስለማይሰማ ፈገግ ብሎ እጅ ነሳቸው። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። እኔው ቀበል አድርጌ ምክንያቱን በትክክል አስረዳኋቸው። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ወደ ባለጀልባው ሄዳ እጁን ጨበጠችው።

ዝናቡም ነፋሱም አልመጣም። ደመናው ወደ ሌላ በኩል አለፈ፣ ሐይቁ እስኪመሽ ዝም አለ። አስተባባሪው ቡናውን እየጠጣ «አየህ? ምንም አልሆነም እኮ» አለኝ። ብዙ ሰው በዚህ ይረታል። እኔ ግን ያን ቀን ዝናብ ባለመምጣቱ ባለጀልባው ተሳስቷል ብዬ አላውቅም። እሱ የፈረደው 9 ሰዓት ላይ ባየው ሰማይ ነው፤ ማታ ላይ ሆኖ 9 ሰዓትን መዳኘት ማንም ይችላል። ነፋስ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያ አስተባባሪ «ማን ጫናቸው?» ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነበር።

ክፍያው ላይ ደረስን። «ጀልባው ካልተንቀሳቀሰ አይከፈልም» አሉ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ለእነሱ ታስሮ ውሏል፤ የደሴዎቹን ገንዘብ ትቷል። በስልክ ተከራከርኩ፣ ዘጉብኝ። ከራሴ አበል አውጥቼ ስሰጠው «አብሽር፣ ይቅር» ብሎ እምቢ አለ። በግድ ኪሱ ከተትኩለት፤ ግማሹን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ የክረምት እንግዳ ሲመጣልኝ የጀልባው ክፍያ አስቀድሞ በባለጀልባው እጅ ይገባል፤ ቀዘፈም አልቀዘፈም የእሱ ነው። መውጣት አለመውጣቱን የሚወስነውም እሱ ብቻ ነው። በዚህ የሚስማማ ድርጅት አለ፣ የማይስማማም አለ። ያኛው ድርጅት ለእኔ እንግዳ መላክ አቁሟል፤ አሁን የሚልከው ለሌላ ልጅ ነው። ልጁ በቀደም ፕሮግራሙን አሳየኝ። ጀልባው ዛሬም ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ነው።