ወንድሜን ሳስመረምር ለእያንዳንዱ ምርመራ "ለምን?" እያልኩ

ታናሽ ወንድሜ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ከርሞ ጎንደር ሲመለስ ሰውነቱ አልቆ ነበር። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከስቷል፤ ሆዱ ግን በግራ በኩል ተነፍቷል። ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ወሰድነው። ደም ሰጠ፣ "ታይፎይድ ነው" ተባለ፣ መድኃኒቱን ጨረሰ። ትኩሳቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም መጠየቅ ጀመርኩ። "ይሄ ምርመራ ምን ለማወቅ ነው? ውጤቱ ሲታወቅስ ምን ይደረጋል?" እላለሁ። አብዛኞቹ ባለሙያዎች ሳይሰለቹ አስረድተውኛል፤ እግዜር ይስጣቸው።

በመጀመሪያ የገባኝ የታይፎይዱ ነገር ነው። ብዙ ቦታ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ጀርሙን ራሱን አያይም። የሚያየው ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ከቆየ ሕመም ወይም ከሌላ ኢንፌክሽን የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዴ ተሠርቶ ፖዘቲቭ ስላለ ብቻ ታይፎይድ ነው ማለት አይቻልም። በዚህች ወረቀት የተነሳ ስንቱ ሰው የማያስፈልገውን አንቲባዮቲክ እንደሚውጥ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ መርፌ ከማንሳቱ በፊት የጠየቀው "የት ነበርክ? ማታ የት ታድር ነበር?" ብሎ ነው። ወንድሜ ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር እንደሚያድር ነገረው። ካላዛር የሚባለውን የጥገኛ ተውሳክ በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በመተማና በሁመራ ቆላ የምትገኘው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ዛፍ አካባቢ። ከዚያ ሆዱን ዳሰሰውና ጣፊያው ከጎድን አጥንቱ ሥር ስንት ሴንቲሜትር እንደወረደ በሜትር ለካ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያና ክሳት ቆላ ሠርቶ በመጣ ሰው ላይ ሲገጥሙ ካላዛር ይጠረጠራል። ከሆዱ ይልቅ ያደረበትን ቦታ ማወቁ አቅጣጫ እንደሰጠ ያየሁት ያኔ ነው። ሐኪም ጋ ስትሄዱ የት እንደነበራችሁ ሳትጠየቁም ተናገሩ።

ወባም ስላለ ከጣቱ ደም ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ታየ፤ አልተገኘበትም። ቀጥሎ የካላዛርን አንቲቦዲ የሚያየው አርኬ39 የሚባለው ፈጣን ምርመራ ተሠራ። አንድ ጠብታ ደም በወረቀት ላይ ነው፤ መስመሩ ሁለት ሆኖ ወጣ፣ ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው።

ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ ሲታዘዝ እናቴ ተነሳች። "ልጄ ደም የለውም፣ ደግሞ ልትቀዱት ነው?" አለች። ደም የምትወስደው ሲስተር ሐምራዊ ክዳን ያላትን ቱቦ አሳየቻት። "እማማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ይሄ ደሙ ምን ያህል እንደጎደለ የሚነግረን ነው" አለቻት። እናቴ ተቀመጠች። በቱቦው ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር አለ፤ የረጋ ደም ሴሎቹ አይቆጠሩምና።

ሲቢሲ ቀይ ሴልን፣ ነጭ ሴልንና ፕሌትሌትን ይቆጥራል። ካላዛር ሦስቱንም ያወርዳል፤ የወንድሜም ሦስቱም ወርደው ነበር። ፕሌትሌት ደም ሲፈስ እንዲቆም የሚያደርገው ነው። ፈጣኑ ምርመራ በማያስተማምንበት ጊዜ ጥገኛውን በዓይን ለማየት ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ፕሌትሌቱ በጣም ያነሰ ሰው ጣፊያው ቢወጋ ግን ወደ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ቁጥሩ ሳይታወቅ መርፌ የማይነሳው ለዚህ ነው። አንዱ ምርመራ የሌላውን በር ይከፍታል ወይም ይዘጋል።

የኤችአይቪ ምርመራ ሲባል ወንድሜ ተሸማቆ ነበር። ምክንያቱ ግን ሕክምና ነው፤ ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው ከተገኙ የሚሰጠው መድኃኒት ይለያል፣ በሽታውም የማገርሸት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይሄ ሲነገረው ራሱ እጁን ዘረጋ። ቫይረሱ አልተገኘበትም።

የኩላሊት፣ የጉበትና የልብ ምርመራ ደግሞ በሽታ ፍለጋ አልነበረም። ለካላዛር በአገራችን በብዛት የሚሰጠው የ17 ቀን የሁለት መርፌዎች ሕክምና ነው። አንዱ መድኃኒት ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል፤ ሌላው ኩላሊትንና ጆሮን። ሕክምናው ሳይጀመር የነበረው ሁኔታ ካልታወቀ፣ በኋላ የመጣው ለውጥ ከየት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ሕክምናው ላይ እያለ ደሙ የተደጋገመውም ለዚሁ ነው። ይሄን ያልተረዳ ቤተሰብ "ገንዘባችንን ሊጨርሱ ነው" ብሎ ታማሚውን ይዞ ሊወጣ ይችላል።

የሽንቱም የሰገራውም ነገር ነበር። ስለ ሰገራ የምለው አንድ ነው፤ ከቤት ይዛችሁ አትምጡ። አሜባን ሕያው ሆኖ ለማየት ናሙናው ትኩስ መሆን አለበት፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢታይ ይመረጣል።

ወረቀቶቹን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል አንድ ፌስታል ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ተረኛው ሐኪም ሲቀየር ያንን ነው የማወጣው፤ የተሠራው እንደገና አይታዘዝም።

አሁን ወንድሜ ሥጋ ለብሷል፣ እንጀራውንም ይበላል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ "ያንን ፈጣን ምርመራ ድገሙልን" ብለን ነበር። ሐኪሙ አልፈለገም፤ አንቲቦዲው ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ አሁንም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል አለን። ክትትሉ በክብደቱ፣ በትኩሳቱና በጣፊያው መጠን ነው። ስድስት ወር ሲሞላው ተመልሶ ይታያል።