ጨውና ዘይትን በሳምንት መስፈር፦ ልቤን ከኩሽና ጀምሬ የምጠብቅበት መንገድ

በእኛ ቤት ምግብ ውስጥ ልብን ይበልጥ የሚፈትኑት ጨውና የሚረጋ ቅባት ናቸው። ሁለቱም በዓይን ግምት ስለሚጨመሩ በቀን ስንት እንደበላ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔም የጀመርኩት በመስፈር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይብላ ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። አራት ሰው ላለበት ቤት በሳምንት 140 ግራም ይመጣል። ዳቦውና ሚጥሚጣው ግን የራሳቸውን ጨው ይዘው ስለሚመጡ በትንሽ ብርጭቆ ለይቼ የማስቀምጠው 80 ግራም ብቻ ነው። ሰኞ ይሞላል፤ እስከሚቀጥለው ሰኞ ሌላ አይጨመርበትም። ሐሙስ ላይ ካለቀ አንድ ወጥ ውስጥ እጅ በዝቷል ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ትልቁ የተደበቀ ጨው ምጥን ሽሮና በርበሬ ውስጥ ነው፤ ወፍጮ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ጨው ስለሚደባለቅባቸው። በደንብ ከደረቁና አየር በማያስገባ ዕቃ ከተቀመጡ ያለ ጨውም ይቆያሉ፣ ስለዚህ ጨው ሳይገባባቸው ነው የማስፈጫቸው። በኩብ የሚሸጠውን የወጥ ማጣፈጫ ጨርሶ ትቼዋለሁ፤ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው።

ጨው የምጨምረው ወጡ ሊወጣ ሲል ነው። መጀመሪያ ላይ የገባ ጨው ወጡ ሲንተከተክ ውሃው እያነሰ ስለሚሄድ በኋላ ይበዛል፤ በዚያ ላይ ቀድሞ ስላልተቀመሰ ይደገማል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምግቡ አልጫ አልጫ ይላል። ምላስ ግን ይለምዳል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ያንን ጊዜ ያሻግራሉ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በጨው ምትክ የሚሸጡት ፖታሲየም ያለባቸው ዱቄቶች ኩላሊቱ ለታመመና አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ስለሆኑ ያለ ሐኪም ምክር አይነኩም።

ወደ ዘይት ስመጣ፣ ለአራት ሰው በወር 3 ሊትር እመድባለሁ፤ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ። ዓይነቱም ልዩነት አለው። በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ላይ ጄሪካኑ ውስጥ ረግቶ የሚገኘው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ ቅባት ነው፤ ቅቤ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የሱፍና የኑግ ዘይት ከሁለቱም በእጅጉ ይሻላሉ።

ዘይት የሚያልቀው ቁሌት ላይ ነው። ለሁለት ብርጭቆ ምስር ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት አድቅቄ ከትፌ በደረቅ ድስት፣ በመካከለኛ እሳት አቁላላለሁ። ሲይዝ ሁለት ሦስት ማንኪያ ውሃ ጠብ አደርጋለሁ እንጂ ዘይት አልጨምርም። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ውስጥ ሽንኩርቱ ሟሙቶ ቀለሙ ይለወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ተሳካልኝ ብሎ በርበሬውንም ያለ ዘይት ያበስለዋል፣ ወጡም ጥሬ ጥሬ ይላል። የበርበሬው ቀለምና ጣዕም በቅባት ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከበርበሬው ጋር አብሮ ይገባል፣ ለብ ያለ ውሃ ጠብ እየተደረገ 10 ደቂቃ ይበስላል፣ ከዚያ ምስሩ ይከተላል። ሽታው ለሚናፍቀው ሰው ግማሽ ሊትር የሱፍ ዘይት ውስጥ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ኮሰረትና በሶብላ በቀስታ እሳት ጨምሮ፣ ሳያጨስ አውጥቶ ማጥለል ነው። ወጡ ሲወጣ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

ጾም ለልብ ጥሩ ዕድል ነው፤ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑና ተልባው ቃጫ የበዛባቸው ናቸው። ሳምቡሳና በዘይት የተጠበሰ ድንች ሲበዙ ግን ጥቅሙ ይጠፋል። ከ55 ቀን ሁዳዴ በኋላ በአንድ ማዕድ ቅቤና ቁርጥ መደራረብም እንዲሁ።

እንቅስቃሴው ቀላል ነው፦ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ። አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ይመጣል። ከ10 ደቂቃ ጀምሮ በየሳምንቱ አምስት አምስት መጨመር ይሻላል። ልኩ፣ እየሄዱ ማውራት የሚቻልበት መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ጫፉ ደግሞ 3,000 ሜትር ያልፋል። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ሜዳ ላይ ቢሄድ ይመረጣል፤ ኦክስጅኑ ሲሳሳ ልብ በፍጥነት ይመታል። በፍጥነት ሲሄዱ ቆይቶ ድንገት መቆም ደሙን እግር ላይ ስለሚያስቀረው ያዞራል፤ የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ዝግ ይላሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ገፍቶ መመለስ፣ አሥር አሥር ጊዜ ሦስት ዙር እጨምራለሁ። ትንፋሽ ይዞ መግፋት ግፊቱን ስለሚያሻቅበው በሚገፋበት ጊዜ ወደ ውጭ መተንፈስ ነው። ደረት ላይ ጭንቀት፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ ከመጣ ቆሞ ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። በልጅነቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞት የልብ በር የተጎዳበት ሰው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ይመርመር፤ የልብ በርን አመጋገብ አይጠግነውም።

ለውጡን የምከታተለው በክንድ የግፊት መለኪያ ነው። ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና የለም። ሽንት ይሸናል፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ክንድ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አርፎ፣ ሳያወሩ አምስት ደቂቃ ይቀመጣሉ። ጠዋትና ማታ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ትቼ የቀሪዎቹን አማካይ አወጣለሁ። ቤት ውስጥ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ነው። የጠበበ ክንድ ማሰሪያ ወፍራም ክንድ ላይ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ሲገዛ ክንድን በሜትር ለክቶ መሄድ ይገባል። ቁጥሩ ቢወርድም የታዘዘ መድኃኒት በራስ ፈቃድ አይቆምም፤ የሰባቱን ቀን መዝገብ ይዞ ሐኪሙ ጋ መቅረብ ነው፣ መጠኑን የሚቀንሰው እሱ ነው።