የ1991ዱ የ11ኛ ክፍል ሮስተር

የቆዩ ሮስተሮች በሙሉ ወደ ኮምፒዩተር እንዲገቡ የታዘዝነው ባለፈው ክረምት ነው። የተላከልን ቅጽ «ተማሪው ከትምህርት ቤቱ የወጣበት ምክንያት» የሚል ዓምድ ነበረው፤ በዚያም ዓምድ ያጠናቀቀ፣ የተዛወረ፣ ያቋረጠና የተሰናበተ ከሚሉት አራት ምርጫዎች በቀር ሌላ ነገር ማስገባት አይቻልም። ከአዲሶቹ ጀምረን ወደ አሮጌዎቹ እየወረድን ስለነበር፣ የ1991 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ሮስተር እጄ የገባው ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ነው። በተማርሁበት ትምህርት ቤት የሬኮርድ ሠራተኛ ነኝና ያ ሮስተር የእኔው ክፍል ነበር።

በጓደኛዬ ስም ትይዩ አንደኛው ሴሚስተር ሙሉ ነው። ሒሳብ 91፣ ፊዚክስ 88። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ግን የክፍል ኃላፊያችን ከአማርኛ እስከ ስፖርት ድረስ በማስመሪያ አንድ ቀይ መስመር አስምረው መጨረሻው ላይ «አቋ.» ብለው ጽፈዋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። በረፍት ሰዓት ሌሎቻችን ወደ ሜዳ ስንሮጥ እርሱ ሰሌዳው ላይ የጂኦሜትሪ ጥያቄ ይሠራ ነበር፤ ያልገባው ልጅ ካለ ደግሞ ሥራውን አጥፍቶ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምርለታል። ባድመ ተመለሰች ተብሎ ከተማው በሆታ በተናወጠበት የካቲት ተመዝግቦ ወደ ብር ሸለቆ ማሠልጠኛ ሄደ። ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛ ዓመቱ፣ ግንቦት 1992 ዓ.ም. ታላቁ ማጥቃት ሲከፈት ዛላምበሳ ግንባር ነበር፤ ከዚያ አልተመለሰም። መርዶው ለቤተሰቡ የተነገረው የአልጀርሱ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. ነው።

«ያቋረጠ» የሚለውን ምርጫ መጫን አልሆነልኝም። ሮስተሩን ይዤ ወደ ኃላፊዬ ቢሮ ገባሁና ይህ ልጅ በጦር ሜዳ የተሰዋ ስለሆነ በማስታወሻው ዓምድ ላይ ይህንኑ እንድጽፍ እንዲፈቅድልኝ ጠየቅሁት።

«ማስረጃ አለዎት?» አለኝ።

«አብረን ተምረናል፤ ለቅሶውም ላይ ነበርሁ።»

«እርሱ ምስክርነት እንጂ ሰነድ አይደለም። አንድ ሰው አውቃለሁ ባለ ቁጥር ሮስተር የሚነካ ከሆነ ነገ ውጤትም ይነካል።»

እስከዚህ ድረስ የተናገረው ትክክል ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስም ይስተካከልልን፣ የትውልድ ዘመን ይለወጥልን እያሉ የሚመጡ ወላጆችን ያለ ሰነድ አንዲት ፊደል እንደማልነካ እየነገርሁ የመለስሁት እኔው ነኝ፤ ዛሬም ያው አቋሜ ነው። ያንገበገበኝ ቀጥሎ የተናገረው ነው። ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ «ደግሞስ ይህን ያህል ዓመት ያለፈው ጉዳይ አሁን ለማን ይጠቅማል?» አለ። ያ ልጅ ሲዘምት ኃላፊዬ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ ተረጋግቶ ተምሮ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን ደረቱን ስለሰጠለት እንደሆነ ልነግረው ቃጣኝ። ሆኖም «ሰነዱን አመጣለሁ» ብቻ ብዬ ወጣሁ። የነደደኝም ሮስተር ለጥቅም የሚያዝ ነገር አድርጎ በማሰቡ ነው። እኛ የምንይዘው መዝገብ ማን እንደተማረና ከዚያስ ምን እንደሆነ እውነቱን ለመናገር ካልሆነ፣ ያን ሁሉ ወረቀት ከምስጥ ስንከላከል መኖራችን ለምንድን ነው?

ሰነዱ ያለው እናቱ ዘንድ ነው። ልጇ መሞቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ስጪኝ ብሎ እናትን መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድሁ፤ ቡና ተፈልቶ አቦሉን እስክንጠጣ ድረስ አፌን መክፈት አቃተኝ። በመጨረሻ ነገርኋቸው። ከአልጋው ሥር ሳጥን ስበው፣ በነጠላ ከተጠቀለለ ላስቲክ ውስጥ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አወጡልኝ። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሶ በፕላስተር ተያይዟል።

«ምን ብለው ነበር የጻፉት?» አሉኝ።

«ያቋረጠ ይላል፣ እማማ።»

«እሱማ ለማትሪክ እደርሳለሁ ብሎኝ ነው የሄደ። ደብተሮቹን እንዳትነኪብኝ ብሎኛል። ምኑን አቋረጠ?» አሉ። ከዚያም ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጡኝና፣ «ፎቶውን አንሥተህ ነገውኑ መልስልኝ» ብለው አዘዙኝ። በማግስቱ መለስሁላቸው።

ኃላፊዬ ኮፒውን አይቶ ፈረመ፤ በማስታወሻው ዓምድም «ትምህርቱን ሳያጠናቅቅ ለአገሩ ዘምቶ በ1992 ዓ.ም. በዛላምበሳ ግንባር ተሰዋ» ብዬ ጻፍሁ። ነገር ግን ሲፈርም፣ «ለአንዱ ካደረግን ለሁሉም ልናደርግ ነው» አለኝ። ሥራ እንዳላበዛበት ሊያስጠነቅቀኝ ብሎ ነው፤ እኔ ግን እንደ ፈቃድ ቆጠርሁት። ከዚያው ዓመት ሮስተሮች የዘመቱትን ልጆች እየለየሁ ቤተሰቦቻቸውን መጠየቅ ጀመርሁ፤ ወረቀት የተገኘላቸውን ሁሉ እንዲሁ እየጻፍሁ ነው።

መንገዱ የተዘጋብኝ ከዚያ በፊት ባሉት ሮስተሮች ላይ ነው። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ባሉት ዓመታት ቀይ መስመሩ ይበዛል። ከእነዚያ ልጆች መካከል ሰሜን ላይ የቀሩ እንዳሉ የከተማው ሽማግሌዎች በስም እየጠሩ ይነግሩኛል። ይሁንና ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን የቀሩበት ሳይነገራቸው የኖሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ የሚያሳዩት ወረቀት ከወዴት ይምጣ? በኃላፊዬና በእኔ ሕግ መሠረት ልጆቻቸው ያቋረጡ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ሰነድ ባልተገኘበት ሁሉ የሦስት የክፍል ጓደኞችና በሕይወት ካለም የክፍል ኃላፊው የተፈረመ ቃል ተያይዞ፣ «በምስክር የተረጋገጠ» ተብሎ በማስታወሻው ዓምድ እንዲገባ፣ ውጤት ግን በዚህ መንገድ ፈጽሞ እንዳይነካ የሚል ሐሳብ በደብዳቤ አቀረብሁ። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት ገቢ ሆኗል። ምላሹ እስኪመጣ ድረስ የእነዚያን ዓመታት ሮስተሮች ወደ ኮምፒዩተር እንደማላስገባ ለኃላፊዬ በግልጽ ነግሬዋለሁ።