ሜይን የሌለው ፕሮግራም

ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረና "ጋሼ፣ ኮዱ ልክ ነው፤ ግን እምቢ አለኝ" አለ።

ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሁለት ቁጥር የሚደምር ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ጽፏል። ሴሚኮለን (;) እንኳ አልጎደለውም። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ምንም አላለም፤ የጮኸው የተተረጎሙትን ክፍሎች የሚያገናኘው ሊንከር ነው። ሜይን (main) የሚባል ፋንክሽን አጥቷል።

ሊኑክስ በሚባለው ስርዓተ ክወና ላይ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚቀድመው እኛ ያልጻፍነው አጭር የማስነሻ ኮድ ነው። እሱ ሜይንን በስሙ ይጠራል፤ ሌላ መርጦ አይጀምርም።

"አለ እኮ!" ብሎ ታች አሳየኝ። የሜይንን ኤም በትልቁ (Main) ጽፏታል! ሲ ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። (የኛ ፊደል ይሄ ጣጣ የለበትም።) ልጁ የለመደው ፓይተን የሚባለውን ሌላ ቋንቋ ነው፤ እዚያ ፋይሉ ከላይ ጀምሮ ስለሚሠራ ሜይን ግዴታ አይደለም። ይህን ቀድሞ የሚነግር አስተማሪ ቢኖር ምናለ?

ኤሟን አሳንሶ አስኬደው። ስክሪኑ ባዶ። ለካ ውጤቱን ስክሪን ላይ የሚያወጣውን ፕሪንትኤፍም አልጻፈም።