«በዕድሜዬ ነው የተባረርኩት» ብዬ እንዴት አስረዳሁ

ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል 19 ዓመት አልጋ አንጥፌያለሁ። በ53 ዓመቴ «የሠራተኛ ቅነሳ» የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። ከ60 ሠራተኞች 7 ተቀነስን፤ ስድስታችን ከ45 በላይ ነን። ኃላፊው «እንግዳ ወጣት ፊት ነው የሚፈልገው» ብሎኛል። ይህን ያለኝ ግን ሁለታችን ብቻ ሳለን ነው።

መጀመሪያ ሽማግሌ ላክሁ። አንድ ወር እንዲሁ አለፈ። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር ይርጋ (በሕግ የክስ ጊዜ ገደብ) እንደሚታገድ ያኔ አላውቅም ነበር። ሽማግሌ አትላኩ አልልም፤ ቀኑን ግን ቁጠሩ።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ያገኘሁት ወጣት እያለቀስኩ የነገርኩትን ሁሉ ሰማኝና፣ «እትዬ፣ ኃላፊው ለተናገረው ምስክር የለዎትም። ሆቴሉ ያደረገውን እናሳይ» አለኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 14 በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት «ወይም በሌላ ሁኔታ» ሠራተኛን መለየት ይከለክላል። ዕድሜን በዚህ ስር አስገባነው። አንቀጽ 29 ደግሞ ቅነሳ ሲኖር ችሎታና ከፍተኛ ምርታማነት ያለው ቅድሚያ አግኝቶ ይቆይ ይላል። የ3 ዓመት የሥራ አፈጻጸም ውጤቴን ከሣጥኔ አወጣሁ። የተቀነሱትንና በክፍላችን የቀሩትን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፍን፤ የልደት ዘመን፣ የተቀጠሩበት ቀን፣ ውጤት። ያቺ ወረቀት ከእንባዬ በላይ ተናገረችልኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ሆቴሉ በር ላይ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የእኔው መደብ፣ «ዕድሜ ከ28 ያልበለጠ»። ልጄ በስልኳ አነሳችው። አዲስ አልቀጠርንም ብለው ሲክዱ፣ የጡረታ መዋጮ መዝገቡ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ ጠየቅን። የአራት አዲስ ሠራተኞች ስም ተገኘበት። የማስረጃ ዝርዝሩ ከክሱ ጋር አብሮ ስለሚገባ፣ ሰነዱ በማን እጅ እንዳለ ቀድማችሁ ጻፉ።

አብሮኝ የተቀነሰ ወንድሜ «በብሔሬ ነው» ብሎ ከሶ ነበር። ምስክሩ ግን «ሲባል ሰምቻለሁ» ብቻ አለ፤ አልተረጋገጠለትም። እኔ እስከ ዛሬ አምነዋለሁ፤ ያማል። በተባለበት ዕለት ቀኑንና አጠገቡ የነበረውን ሰው ጽፎ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። እዚያው የሚሠሩት ልጆች ለመመስከር ፈሩ፤ እንጀራቸው ነውና አልተቀየምኳቸውም።

የዳኝነት ክፍያ አልከፈልኩም፤ ለሥራ ክርክር አይጠየቅም። ፍርድ ቤቱ ቅነሳው ሕገወጥ ነው ብሎ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ ወሰነልኝ። ይግባኝ ለማለት 30 ቀን ነበራቸው። አላሉም፤ ከፈሉኝ።