ናሙናው ሁሉ አለፈ

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ላለ አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሲስተም ስንሠራ፣ የስም ማጣሪያውን ሬጅኤክስ (የትኛው ጽሑፍ እንደሚያልፍ የሚወስነውን ቀመር) የጻፈው ከአዲስ አበባ የተላከልን ባለሙያ ነበር። ከ«ሀ» እስከ «፼» ያለውን ሁሉ ይቀበላል፣ በመካከል ክፍት ቦታ ይፈቅዳል። ሞክረኸዋል ወይ ብዬ ብጠይቀው «በሩቢ ጄም ከራሱ ከሬጅኤክሱ ናሙና አወጣሁ፤ ሁሉም አለፈ» አለኝ። ጄም ማለት በሩቢ የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ዝግጁ መሣሪያ ነው፤ ይኼኛው ሬጅኤክሱን አይቶ የሚያልፉ ምሳሌዎችን ያወጣል። መልሱ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከሬጅኤክሱ የወጣ ናሙና በዚያው ሬጅኤክስ ከማለፍ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

ናሙናውን አትሜ ለካርድ ክፍሏ እትዬ ሰጠኋቸው። በእስክሪብቶ ጫፍ እየነኩ ወረዱና «ልጄ፣ የዚህ ሁሉ ሰው ስም ከሀ እስከ ሄ ብቻ ነው እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጄሙ «ኤግዛምፕልስ» ሲባል፣ ካላዘዙት በቀር፣ ከአንድ የፊደል ስብስብ የመጀመሪያዎቹን 5 ብቻ ነው የሚያወጣው። በዘፈቀደ በሚመርጠው «ራንደም ኤግዛምፕል» ትእዛዝ ሌላ ወረቀት አወጣሁ። አሁን ጉዱ ታየ፦ «ቀ።ዝ፬»፣ «፡ሸ፼»፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ባዶ ሳጥን። ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥበት የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ከ«ሀ» እስከ «፼» ባለው መሀል ሥርዓተ ነጥቡም፣ የግእዝ ቁጥሩም፣ ምንም ፊደል ያልተመደበለት ቦታም አለ። ሩቢ ሁለት ስብስቦችን በድርብ አምፐርሳንድ (&&) አገናኝቶ የጋራቸውን ብቻ ስለሚወስድ፣ ኢትዮጵክ (የግእዝ ጽሕፈት) ከሆነው ውስጥ ፊደል የሆነውን ብቻ እንዲቀበል አደረግነው።

እትዬ ግን አልጨረሱም። «ገ/መድኅንስ የታለ?»

የትም የለም። ሬጅኤክሱ እዝባር አያውቅም፤ የማያውቀውን ደግሞ ጄሙ በናሙና ሊያሳየን አይችልም። የተረፈውን ያሳያል እንጂ የጎደለውን አያሳይም። ባለሙያው «ሙሉውን ይጻፉ» ሲል እትዬ ቆጣ አሉ፦ «ካርዱ ላይ ያለውና ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ስም ካልገጠመ፣ በሽተኛው የማንን ካርድ ይዞ ነው ሐኪም ዘንድ የሚገባው?»

መልስ አልነበረውም። እትዬ የሚያውቁትን የስም አጻጻፍ ዓይነት በእጃቸው ጻፉልኝ፦ በእዝባር የሚያጥረውን፣ በነጥብ የሚያጥረውን፣ መሐመድን በሐም በሀም። እንዳለ ማጣሪያው ወደሚፈተሽበት ቴስት ፋይል አስገባሁት፤ ማጣሪያውም በእሱ ተስተካከለ።

በርክክቡ ሰነድ ላይ «የስም ማጣሪያውን የፈተሸው» በሚለው መስመር የሰፈረው የባለሙያው ስም ነው። የእትዬ ስም እንዲጨመር በጽሑፍ ጠይቄ ነበር፤ አልተጨመረም።